የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ከመጨረሻው በር ወደ ኋላ ይቆጠራል

ወንዝ ዳር ያለ አንድ ሰፈር 3,000 መኪና አለው እንበል። የሚያስወጣው መንገድ አንድ ነው፤ መውጫውም አንድ ረድፍ ብቻ። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ የድንገተኛ አደጋ አገልግሎት ሰውን ከጎርፍ ስለ ማስወጣት ሲያቅድ በአንድ ረድፍ በሰዓት 600 መኪና ያልፋል ብሎ ያሰላል። ዝናብ አለ፣ ሊጨልም ይችላል፣ ሁሉም ዕቃ ጭኗል፤ ከዚያ በላይ ማሰብ ራስን ማታለል ነው። 3,000 ለ600 ሲካፈል 5 ሰዓት ይሆናል። ሰው መልእክቱን ሰምቶ እውነት መሆኑን እስኪቀበል 1 ሰዓት፣ ልጅና ሰነድ ሰብስቦ ከቤት እስኪወጣ ሌላ 1 ሰዓት ይጨመርበታል። ለሚወድቅ ዛፍ ወይም ለሚጋጭ መኪና 1 ሰዓት መጠባበቂያ ከያዝን ድምሩ 8 ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ዕቅድ የሚሳሳተው ውሃው ቤቶቹ ጋ የሚደርስበትን ሰዓት መነሻ በማድረግ ነው። መነሻው መንገዱ የሚቆረጥበት ሰዓት መሆን አለበት። ብዙ ቦታ ከቤቶቹ በፊት የሚሰምጠው መንገዱ ነው፤ አንዲት ዝቅ ያለች ድልድይ ወይም ጎድጎድ ያለ ስፍራ ሰፈሩን ሙሉ ደሴት ያደርገዋል። ያ ስፍራ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የሚሸፈን ከሆነ የመውጫ ትእዛዙ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መነገር ነበረበት። ትንበያው ደህና አስተማማኝ የሚሆነው 6 ሰዓት ሲቀር ቢሆንስ? ያኔ አስተዳደሩ እርግጠኛ ሳይሆን መወሰን አለበት፤ ለነዋሪውም ይህንኑ ሳይደብቅ መንገር አለበት። የአካባቢ ምክር ቤት የጎርፍ ሥራ ከካርታ እስከ ቱቦ ጠረጋ፣ ከሕንፃ ፈቃድ እስከ ስልክ መልእክት ድረስ፣ በዚህ ስሌት ላይ ጊዜ ለመጨመር የሚደረግ ጥረት ነው።

የዝናቡን መጠን የሚተነብየው የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ነው። የትልልቅ ወንዞችን ልክ የሚከታተል ሌላ አካል አለ። ነገር ግን የትኛው መንገድ መጀመሪያ እንደሚሰምጥ፣ የትኛው ቤት ውስጥ ከአልጋ የማይነሳ ሰው እንዳለ የሚያውቀው የአካባቢው አስተዳደር ብቻ ነው። እንግሊዝ በሰኔና በሐምሌ 2007 እ.ኤ.አ. በጎርፍ ስትመታ አብዛኛውን ቤት ያጥለቀለቀው ወንዝ ሳይሆን ቱቦና ቦይ መቀበል ያቃታቸው የዝናብ ውሃ ነበር፤ ለዚያ ውሃ ደግሞ በግልጽ ተጠሪ አልነበረም። በ2010 የወጣው የጎርፍና የውሃ አስተዳደር ሕግ ኃላፊነቱን ለአካባቢ ምክር ቤቶች ሰጠ፤ የቱቦዎችንና የመከላከያዎችን መዝገብ እንዲይዙ፣ ከጎርፍ በኋላም መንስኤውን መርምረው ውጤቱን እንዲያሳትሙ አዘዘ። መዝገብ መያዝ ተራ ነገር ይመስላል። በአንድ ቱቦ ጉዳይ ሦስት መሥሪያ ቤቶች «የእኛ አይደለም» ሲባባሉ ያየ ሰው ግን ዋጋውን ያውቀዋል።

ውሃው እንዴት ይበዛል

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። በ10 ካሬ ኪሎ ሜትር ተፋሰስ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሲወርድ 500,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ወደ ቦይና ወንዝ የሚሮጠው ስንቱ ነው የሚለውን የሚወስነው መሬቱ ነው። መሐንዲሶች ለጎርፍ ስሌት በደን መሬት ላይ ከ10 እስከ 30 ከመቶ፣ በአስፋልትና በጣሪያ ላይ ከ70 እስከ 95 ከመቶ ይፈሳል ብለው ይይዛሉ። ስለዚህ ከላይ በኩል አንድ ኮረብታ በቤት ሲሸፈን፣ ከታች ያለው ሰፈር አንድ ድንጋይ ሳይነሳበት የበለጠ ውሃ፣ ያውም ቶሎ፣ ይመጣበታል። የሕንፃ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍልና የጎርፍ ባለሙያው አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጡ አደጋውን ራሱ አስተዳደሩ ማኅተም እያደረገ ያበዛዋል። አየሩ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ 7 ከመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ስለሚችል፣ የቆየ የዝናብ መዝገብን ብቻ ይዞ ቱቦ መለካትም ከእንግዲህ አያዋጣም።

ስለ ቱቦ አንድ ነገር በደንብ መታወቅ አለበት። የክብ ቱቦ ዲያሜትር (የአፉ ወርድ ከዳር እስከ ዳር) በግማሽ ሲቀንስ የሚያሳልፈው ውሃ ወደ ስድስተኛ እጅ ገደማ ይወርዳል። ባለ 1 ሜትር ቱቦ ተበላሽቶ በሁለት ባለ 50 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ቢተካ፣ የተተካው የቀድሞው አቅም ሲሶ ነው። ከላይ ሲታይ «ሁለት ቱቦ ተቀበረ» ይባላል፤ ጎርፉ ግን ልዩነቱን ያገኘዋል።

የቱቦው አፍ ላይ ያለው የብረት ፍርግርግም እንዲሁ ነው። ዘንጎቹ ከተጠጋጉ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ፕላስቲክ፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ ይለጠፍበትና ግድብ ይሆናል፤ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ መንገድ ላይ ይወጣል። ጥሩ ፍርግርግ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ ሠራተኛ ውሃ ውስጥ ሳይገባ ከላይ ቆሞ በረጅም መንሽ እንዲጠርገው መቆሚያ አለው። ዕቅዱ ላይ «ፍርግርጎች ይጸዳሉ» ተብሎ ቢጻፍ ምንም አልተጻፈም። የትኛው ፍርግርግ ነው፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው፣ የከባድ ዝናብ ማስጠንቀቂያ በወጣ በስንት ሰዓት ውስጥ ይታያል፣ የወጣው ቆሻሻ የት ይጣላል? ብዙ ጊዜ እዚያው ዳር ላይ ይከመርና ውሃው ሲነሳ መልሶ ይወስደዋል።

ካርታውና «የመቶ ዓመት ጎርፍ»

የጎርፍ ካርታ ሲወጣ ሕዝብን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚለው አነጋገር ነው። ሰሚው በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣል፣ ዘንድሮ ከመጣ ልጅ ልጆቼም አያዩትም ብሎ ይረዳዋል። ትርጉሙ በየዓመቱ 1 ከመቶ ዕድል ያለው ጎርፍ ማለት ነው፤ በተከታታይ ሁለት ዓመት ሊመጣም ይችላል። አንድ ሰው በዚያ ክልል ውስጥ 30 ዓመት ቢኖር ቢያንስ አንዴ የማየቱ ዕድል 26 ከመቶ ነው፤ 70 ዓመት ቢኖር ከግማሽ ይበልጣል። ለነዋሪ የሚጻፈው ወረቀት ላይ መቀመጥ ያለበት ይህ ቁጥር ነው። «እዚህ ቤት ውስጥ 30 ዓመት ከሚኖሩ አራት ሰዎች አንዱ ያህል ጎርፍ ያየዋል» ማለትን ማንም ይረዳዋል።

ካርታው ላይ ያለው መስመርም አጥር አይደለም። ስሌቱ ቱቦዎች ክፍት ናቸው፣ ድልድዮች ግንድ አልያዙም ብሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በካርታው ጠርዝ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። በተጨማሪ ቀለም ብቻውን ብዙ አይናገርም። በ20 ሴንቲ ሜትርና በ2 ሜትር መካከል ያለው ልዩነት በዕቃ መበላሸትና በሞት መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ ስለዚህ የጥልቀትና የፍጥነት ካርታ ለብቻው ያስፈልጋል። በፍጥነት የሚሄድ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ አዋቂን ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ብዙ ትንንሽ መኪናዎችን ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ትልልቆቹንም ይወስዳል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው ያለ ነገር አይደለም፤ አሽከርካሪው ላይ ላዩን ነው የሚያየው፣ ከሥር አስፋልቱ ተቦርቡሮ መሄዱን አያይም።

ዳይክ፣ ማለትም ወንዙ ሞልቶ እንዳይወጣ ዳሩ ላይ የሚሠራ መከላከያ ግንብ፣ ባለበት ቦታ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ነዋሪው አደጋው አለፈ ብሎ ቤት ይጨምራል፣ አስተዳደሩም ፈቃድ ይሰጣል። ዳይኩ ከተሠራበት ልክ በላይ ጎርፍ ሲመጣ ወይም ሲሰነጠቅ ከቀድሞው የሚበልጥ ሰውና ንብረት ከኋላው ይገኛል። ከዳይክ ኋላ ያለውን ቦታ ካርታው ላይ ነጭ አድርጎ መተው ስሕተት ነው፤ «ዳይኩ ቢፈርስ ውሃው እስከዚህ ይደርሳል» ተብሎ በተለየ ቀለም መታየት አለበት።

ካርታ ማሳተም ብቻውን ግን ሰው አያድንም። በጃፓን ኩራሺኪ ከተማ የማቢ አካባቢ በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. በጎርፍ ሲዋጥ፣ ውሃው የሸፈነው ቦታ ከተማው አስቀድሞ ካዘጋጀው የአደጋ ካርታ ጋር እጅግ ተመሳሳይ ነበር። ካርታው ልክ ነበር። ሆኖም ከ50 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹም አረጋውያን ነበሩ። ባለሙያዎች አደጋውን በትክክል መሳላቸውና አንዲት አሮጊት ካርታውን አይታ «እኔ የምወጣው በዚህ ሰዓት፣ በእገሌ እጅ ተደግፌ፣ ወደዚህ ቦታ ነው» ማለቷ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሁለተኛው በየቤቱ እየተቀመጡ መነጋገርን ይጠይቃል፤ ወጪው ከካርታው ያንሳል፣ ድካሙ ግን ይበዛል፤ ስለዚህም ይመስለኛል ሁልጊዜ የሚቀረው።

ማን፣ በየትኛው ልክ፣ ምን ያደርጋል

ጥሩ ዕቅድ ውስጥ በጣም የሚጠቅመው ገጽ አንድ ሠንጠረዥ ነው። በላይኛው ድልድይ ያለው መለኪያ 2 ሜትር ሲነካ ተረኛው ይነቃል፣ ፍርግርጎች ይታያሉ። 2.8 ሜትር ሲሆን መጠለያው ይከፈታል፣ ብቻቸውን መውጣት የማይችሉ ይወጣሉ። 3.4 ሜትር ሲሆን ለሁሉም የመውጫ ትእዛዝ ይነገራል። ቁጥሮቹ እዚህ ለምሳሌ ናቸው፤ እውነተኛዎቹ የሚገኙት ካለፉት ጎርፎችና ከላይ ካነሳነው የሰዓት ስሌት ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። ውሃ ከላይኛው መለኪያ እስከ ሰፈሩ 3 ሰዓት ብቻ የሚወስድ ከሆነና መውጫው 8 ሰዓት የሚፈልግ ከሆነ፣ በወንዙ ልክ ላይ የተመሠረተ ትእዛዝ ሁልጊዜ ይዘገያል። ያን ጊዜ ትእዛዙ ከወረደው ዝናብ ወይም ከትንበያው መነሳት አለበት። ድሬዳዋን በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ በሌሊት የመታት የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ ዝናቡ በከፍታዎቹ ላይ ወርዶ ውሃው የደረሰው ከተማዋ ተኝታ ሳለ ነበር። እንዲህ ባለ ወንዝ ላይ መለኪያው መቀመጥ ያለበት ወደ ላይ፣ ዝናቡ የሚወርድበት ዘንድ ነው።

መለኪያው ራሱም ሊጠፋ ይችላል። በጀርመን አር ሸለቆ በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ከ130 በላይ ሰው የሞተበት ጎርፍ በአልተናር ያለውን መለኪያ ወስዶታል። በዚያ መለኪያ እስከዚያ ድረስ የተመዘገበው ከፍተኛ ልክ በ2016 የታየው 3.71 ሜትር ነበር። ነዋሪው ልኩን የወሰደው ካየው ጎርፍ ነው፤ «ያኔ ምድር ቤት ብቻ ነው የገባው» ያለ ሰው ምድር ቤት ወርዶ ዕቃ ማንሳት ይጀምራል። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ «መለኪያው ድንገት ዝም ካለ እንደ ከፍተኛው ልክ ይቆጠር» የሚል መስመር ያስፈልጋል። ዝም ያለ መለኪያን «ዳታ የለም» ብሎ ማለፍ የተለመደና ገዳይ ስሕተት ነው።

ትእዛዙን የሚያወጣው ሰው በሥራ መደቡ ተጽፎ፣ ተተኪውና የተተኪው ተተኪም ታውቀው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማንንም ሳይሰበስብ የመወሰን ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። በቫሌንሲያ ጥቅምት 29 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. የስፔን የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በማለዳ ነበር። ለሕዝቡ ስልክ የተላከው ማንቂያ የደረሰው ከምሽቱ 2፡11 ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ብዙ ከተሞች ውስጥ ውሃው ገብቶ ነበር፣ ሰዎች ከምድር ቤት መኪና ሲያወጡ ተይዘዋል። በዚያ አካባቢ ከ220 በላይ ሰው ሞተ። ትንበያ ነበር፣ ቴክኖሎጂውም ነበር። ያለቀው ሰዓት በመካከል ባለው የውሳኔ መንገድ ላይ ነው ያለቀው።

መልእክቱ

«ከባድ ዝናብ ስለሚጠበቅ ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ እናሳስባለን።» ይህን ዓይነት መግለጫ ሁላችንም ሰምተናል። የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ «አስፈላጊው ጥንቃቄ» ምን እንደሆነ አይናገርም። ሰሚው ተቀምጦ ጎረቤቱን ይጠብቃል። አሁን ደግሞ ይህን እንየው፦

«ከድልድዩ በታች፣ በወንዙና በባቡር ሐዲዱ መካከል ያላችሁ ሁሉ አሁን ውጡ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መንገዱ ይሰምጣል ብለን እንጠብቃለን፤ ሊቀድምም ይችላል። በላይኛው መንገድ በእግር ወይም በመኪና ወደ ትምህርት ቤቱ ሂዱ። መድኃኒትና መታወቂያ ያዙ። ምድር ቤት አትውረዱ። ውሃ ያለበት መንገድ ካገኛችሁ ተመለሱ። ቀጣዩ መልእክት 7 ሰዓት ላይ ይመጣል። ይህን ያዘዘው የማዘጋጃ ቤቱ የአደጋ ጊዜ ኃላፊ ነው።»

ልዩነቱ ርዝመቱ ብቻ አይደለም። ቦታው በሚታወቅ ምልክት ተነግሯል፤ የቀጠና ቁጥር ማንም ሰው በቃሉ አይዝም። ግሡ ትእዛዝ ነው። የቀጣዩ መልእክት ሰዓት መነገሩ ሰው ስልኩን ይዞ ወሬ ፍለጋ እንዳይባዝን ያደርጋል፤ ያ ሰዓት ሲደርስም አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ «ለውጥ የለም» ተብሎ መላክ አለበት። ዝም ካላችሁ ሌላ ሰው ይናገራል፤ እሱ የሚናገረው ደግሞ እውነት መሆኑን አታውቁም።

የቃል ምርጫ ነፍስ ያተርፋል። ጃፓን ለረጅም ጊዜ የመውጫ «ምክርና» የመውጫ «ትእዛዝ» የሚባሉ ሁለት ደረጃዎች ነበሯት፤ ብዙ ሰው ምክሩን ሲሰማ ትእዛዙን እየጠበቀ ይቆይ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. «ምክር» የሚለው ተሰርዞ ሁለቱ በአንድ «ትእዛዝ» ተጠቃለሉ። በየትኛውም ቋንቋ ዕቅድ የሚጽፍ ሰው ደረጃዎቹን ለማያውቃቸው አሥር ሰው አንብቦ «ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቅ። ሦስቱ «እጠብቃለሁ» ካሉ ቃሉ ይቀየር።

እርግጠኛ አለመሆንን እንዴት እንናገር? በሚያዝያ 1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የግራንድ ፎርክስ ከተማ ስለ ሬድ ወንዝ የተነገራት ቁጥር አንድ ነበር፤ 49 ጫማ። ከተማዋ ለዚያ ቁጥር ጥቂት መጠባበቂያ ጨምራ ዳይኳን ከፍ አደረገች። ወንዙ ከ54 ጫማ አለፈ፤ ከ1.5 ሜትር በላይ ልዩነት ማለት ነው፤ ከተማዋም ሰመጠች። ነጠላ ቁጥር ከነስሕተት ወሰኑ ካልተነገረ ሰሚው እንደ ተስፋ ቃል ይይዘዋል። «ከ14 እስከ 17 ሜትር መካከል ይሆናል ብለን እንጠብቃለን፤ ለ17ቱ ተዘጋጁ» ማለት ይሻላል። እርግጠኛ አለመሆኑን ከነገሩ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት ግን ያለ ማወላወል መናገር ያስፈልጋል፤ ጥርጣሬው ከትንበያው ነው፣ ትእዛዙ ውስጥ መግባት የለበትም።

ይህ ትእዛዝ አንዳንድ ጊዜ ከንቱ ይሆናል፤ ሰው ወጥቶ ውሃው ሳይመጣ ይቀራል። ባለሥልጣናት ይህን በጣም ስለሚፈሩ ይዘገያሉ። መድኃኒቱ በማግሥቱ ወጥቶ መናገር ነው፦ ምን አይተን ወሰንን፣ ዝናቡ ወዴት ዞረ፣ ዳግመኛ ብናየው እንደገና ያንኑ እናደርጋለን። ሳይገለጽ የቀረ ከንቱ ጥሪ ነው በሚቀጥለው ጊዜ ሰውን ቤቱ የሚያስቀረው።

መተላለፊያውም ከአንድ በላይ መሆን አለበት። አጭር የጽሑፍ መልእክት ወደ እያንዳንዱ ቁጥር ስለሚሄድ ኔትወርክ ሲጨናነቅ ይዘገያል፤ ከአንቴና በአንዴ ወደ አካባቢው ስልኮች ሁሉ የሚበተነው ማንቂያ ግን ቁጥር ሳይፈልግ ለመንገደኛውም ይደርሳል። ጀርመን ይህን ሥርዓት የጀመረችው ከአሩ ጎርፍ በኋላ በ2023 ነው። ሳይረን መብራት ሲጠፋ በባትሪ መሥራቱ በየወሩ ይፈተሽ። ሬዲዮ፣ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና፣ የእምነት ቤቶች፣ በር ማንኳኳት፤ ሁሉም ያስፈልጋሉ።

በር ማንኳኳቱ በተለይ ለማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። በዚያው በአር ሸለቆ ዚንጺግ ከተማ በአንድ የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ምድር ወለል ላይ የነበሩ 12 ሰዎች በሌሊት ሞተዋል። ለእንዲህ ያለ ቤት መውጫው የሚጀመረው ከሌላው ሰው ብዙ ቀድሞ ነው። የስም ዝርዝሩ በየ6 ወሩ ይታደስ፣ በወረቀትም ይታተም፤ ኮምፒዩተር ያለበት ቢሮ ራሱ ጎርፍ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሁለት ሰው ይጻፍ፦ የሚያወጣውና እሱ ባይኖር የሚተካው። ኦክስጅን የሚጠቀም ከሆነ የሚወሰድበት መጠለያ ጄኔሬተር እንዳለው ሄዶ ማየት ያስፈልጋል፤ በስልክ «አለ» ተብሎ ነዳጅ የሌለው ይገኛል።

ውሃው ሲጎድል

የመጀመሪያው መልእክት ስለ መብራትና ስለ ውሃ ነው፦ ባለሙያ ሳያየው መብራት አይቀጠል፣ የጎርፍ ውሃ ከፍሳሽ ጋር ስለሚቀላቀል የጉድጓድ ውሃ ሳይመረመር አይጠጣ። ከዚያ አንድ የሚረሳ ሥራ አለ። ግድግዳ ላይ ጭቃው የተወው መስመር በጥቂት ቀን ውስጥ በዝናብ ወይም በእጥበት ይጠፋል። ከመጥፋቱ በፊት በየሰፈሩ ሁለት ሁለት ሰው ሜትርና ካሜራ ይዞ ይውጣ፤ መስመሩ ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ሜትሩን አስደግፎ ፎቶ ያንሳ፣ አድራሻውንና ነዋሪው ውሃው ደረሰ ያለበትን ሰዓት ይጻፍ። ቱቦ የተዘጋበት ቦታ፣ መንገድ መጀመሪያ የተቆረጠበት ሰዓት፣ መልእክቱ የደረሰበትና ሰው በእርግጥ ከቤት የወጣበት ሰዓትም አብሮ ይመዝገብ። በሚቀጥለው ስሌት ላይ «ለመቀበል 1 ሰዓት» ብለን የያዝነው ቁጥር እዚህ ሰፈር ውስጥ 2 ሰዓት መሆኑ የሚታወቀው ከዚህ መዝገብ ነው።